አምስት የበጋ ጎማዎች፣ አንድ እርጥብ ኩርባ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «መኪናዬ አነስ ያለች ናት፤ ግን ባለ ቱርቦ ሞተርና ጉልበተኛ ነች። የምትነዳው በፊት ጎማ ነው። የጎማዋ ልክ 235/40 አር 18 ነው። በየቀኑ ሥራ እሄድባታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ እወጣባታለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ትራክ (የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ) ላይ እነዳታለሁ። ዝናብም ያገኘኛል። ምርጫዬን ወደ አምስት አጥብቤአለሁ፦ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ፣ ኮንቲኔንታል ስፖርትኮንታክት 7፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ ስፖርት፣ ጉድይር ኢግል ኤፍ1 ሱፐርስፖርት እና ፒሬሊ ፒ ዜሮ። ሁሉም የሆነ ቦታ አንደኛ ወጥቷል። የትኛው ይሻለኛል? ጎኑ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ቁጥርስ ይታመናል? ለጊዜው ሁለቱን ብቻ ብቀይርስ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። ከአምስቱ ላንተ የምመርጠው ስፖርትኮንታክት 7ን ነው። በዓመት ብዙ ኪሎ ሜትር የምትነዳ ከሆነ ግን ፓይለት ስፖርት 4ኤስን ውሰድ። የቀሩት ሦስቱ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። አምስቱም በጣም ጥሩ ጎማዎች ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው።

ብዙ ሰው ጎማ የሚመርጠው ለጥሩ ቀን ነው። ፀሐይ ወጥቷል፣ አስፋልቱ ሞቋል፣ መንገዱ ክፍት ነው። በዚያ ቀን አምስቱም ያስደስቱሃል። እኔ ግን ጎማ የሚመረጠው ለክፉ ቀን ነው ባይ ነኝ። ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ መንገዱ ረጥቦ ብታገኘውስ? ከፊትህ ያለው መኪና በድንገት ቢቆምስ? ጎማህን ለዚያች ሰከንድ ነው የምትገዛው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «የበጋ ጎማ» ሲባል ብዙዎች ለደረቅ መንገድ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። በአማርኛ በጋ ስንል ዝናብ የሌለበትን ወቅት ስለሆነ አይፈረድባቸውም። በጎማ ዓለም ግን ስሙ የሚያመለክተው ሙቀትን ነው። የበጋ ጎማ ላስቲኩ ለሞቃት አየር የተቀመመ ጎማ ማለት ነው። እንዲያውም በሞቃት ዝናብ ጥሩ የበጋ ጎማ ለሁሉም ወቅት ከሚሸጠው ጎማ ይበልጥ መንገድ ይይዛል። ጠላቱ ቅዝቃዜ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መንገድ መያዙን ይቀንሳል። ከዜሮ በታች በደንብ ከወረደ በኋላ ከተነዳበት ደግሞ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የምትኖርበት ቦታ እንዲህ የሚበርድ ከሆነ ለዚያ ወቅት ሌላ ጎማ ያስፈልግሃል። በዚህ ነጥብ ላይ አምስቱም አንድ ናቸው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ፍሬን ያዝክ እንበል። ጎማው የመኪናውን ክብደት ያህል ኃይል አስፋልቱ ላይ ማሳረፍ ከቻለ 39 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማለህ። ከዚያ በ10 በመቶ የሚሻል ጎማ 36 ሜትር ሳይሞላ ያቆምሃል። ሦስት ሜትር ተኩል ምን አላት ትል ይሆናል። ግን በሌላ በኩል እየው። የተሻለውን ጎማ ያደረገው መኪና ቆሞ ባለቀበት ቦታ ላይ፣ ሌላኛው መኪና ገና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ከፊትህ ሰው ካለ ልዩነቱ የሚለካው በሜትር አይደለም።

እርጥብ መንገድ ላይ ነገሩ ይብሳል። አንዱ ጎማ የክብደቱን 80 በመቶ፣ ሌላው 70 በመቶ ቢይዝ የመጀመሪያው 49 ሜትር፣ ሁለተኛው 56 ሜትር ይፈልጋል። የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ሁለተኛው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይጋጫል። ይህ የፊዚክስ ስሌት እንጂ የማንም ማስታወቂያ አይደለም። ለእርጥብ መንገድ ይህን ያህል ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ለስህተትህ ቦታ አለህ። ዝናብ ውስጥ ያ ቦታ ጠባብ ነው።

ጎማ መንገድ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ላስቲኩ ከአስፋልቱ ጋር የሚፈጥረው መጣበቅ ነው። ሁለተኛው ላስቲኩ በአስፋልቱ ጠጠሮች ላይ ሲያልፍ የሚታጠፍና የሚመለስ መሆኑ ነው። ላስቲክ እንደ ብረት ሞላ ወዲያው አይመለስም። እንደ ማር ትንሽ ይዘገያል። በዚያ መዘግየት ጉልበት ይባክናል፤ የባከነው ጉልበት መኪናህን የሚይዝ ኃይል ይሆናል። መንገዱ ሲረጥብ ውሃው በመሃል ገብቶ መጣበቁን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ይዞራል። በዝናብ የላስቲኩ ቅመማ ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅመሙን የለወጠው ሲሊካ የሚባለው ከአሸዋ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው። ድሮ የጎማ ላስቲክ በአብዛኛው የሚጠነክረው በጥቁር ካርቦን ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ ሚሼሊን በ1992 ነዳጅ ቆጣቢ ጎማውን በሲሊካ ከሠራ በኋላ፣ ነገሩ ተለወጠ። ሲሊካ ያለበት ላስቲክ በእርጥብ መንገድ ደህና ይይዛል፤ ሲንከባለል ደግሞ ብዙ ጉልበት አያባክንም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ አምስቱም ኩባንያዎች ሲሊካ ይጠቀማሉ። የየራሳቸው ምስጢር ምን ያህል፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው የጎማው ክፍል የሚለው ነው።

ወደ ጎማዎቹ እንግባ።

ፓይለት ስፖርት 4ኤስ በ2017 ገበያ የወጣ ነው። ከአምስቱ በዕድሜ ትላልቆቹ ውስጥ ነው፤ ግን እስካሁን የሚከበር ጎማ ነው። በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ዓይነት ላስቲክ አለው። ወደ ውጭ ያለው ትከሻ (የጥርሱ ዳር) ለደረቅ ኩርባ የተቀመመ ነው፤ ኩርባ ውስጥ ዋናውን ጭነት የሚሸከመው እሱ ነውና። የውስጠኛው ክፍል ለእርጥብ መንገድ በሲሊካ የተቀመመ ነው። እኔ ይህን ጎማ የምወድለት ነገር አለመለዋወጡ ነው። አዲስ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ግማሽ ካለቀ በኋላም ያው ባሕርይ አለው። መሪው ላይ የሚሰጠው ስሜት ረጋ ያለ ነው። አንዳንዶች «ትንሽ ተኝቷል» ይሉታል፤ እኔ ግን ሐቀኛ ነው እላለሁ። ዕድሜውም ከዚህ ክፍል ጎማዎች ረዘም ይላል። በእርጥብ መንገድ ግን አዲሶቹ ተወዳዳሪዎች ደርሰውበታል፤ አንዳንዶቹም አልፈውታል።

ስፖርትኮንታክት 7 የ2021 ሥራ ነው። ኮንቲኔንታል እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። ጎማው በሁሉም ልክ አንድ ዓይነት አይደለም። ለአነስተኛ መኪና፣ ለመካከለኛ መኪና፣ ለስፖርት መኪና ተብሎ ጥርሱና ላስቲኩ ተለይቶ ተስተካክሏል። ያንተ መኪና ቀላልና ክብደቷ ወደ ፊት ያጋደለ ስለሆነ ይህ ይጠቅምሃል። በእርጥብ መንገድ ፍሬን ሲያዝ ከአምስቱ ይበልጥ የማምነው እሱን ነው። መሪው ፈጣን ነው፤ ኩርባ ውስጥም ገደቡ ሲደርስ በደንብ ያሳውቃል። ጉዳቱ ከሚሼሊኑ ቶሎ ማለቁ ነው። በተለይ በፊት ጎማ በሚነዳና ጉልበተኛ በሆነ መኪና ላይ የፊቶቹ ሁለቱ ቶሎ ይበላሉ። ይህን አውቀህ ግባበት።

ፖቴንዛ ስፖርትም በ2021 ነው የወጣው። መሪ ስታዞር ወዲያው የሚመልስ ጎማ ነው። የጎኑ ግድግዳ ጠንካራ ነው። የተራራው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ያሰኝሃል። በእርጥብም ጎበዝ ነው። ግን ጠንካራ ጎን ዋጋ ያስከፍላል፦ ጉድጓድና ስንጥቅ ያለበት መንገድ ላይ ይነጥራል፤ ወንበርህ ድረስ ይሰማሃል። በየቀኑ ሥራ የምትሄድበት መንገድ ለስላሳ ከሆነ ከኔ ምርጫ ጋር እኩል አስቀምጠው። መንገድህ የተበላሸ ከሆነ ይቅርብህ።

ሱፐርስፖርት በ2019 የወጣ ሲሆን ከአምስቱ ወደ ትራክ የሚያደላው እሱ ነው። ወደ ውጭ ያለው ትከሻው ትልልቅና ብዙ ያልተከፋፈሉ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ትልቅ ሲሆን በጭነት ብዙ አይወላገድም። ለዚህ ነው ደረቅ ኩርባ ላይ ጠንካራ የሆነው። የውሃ ቦዮቹ ግን ያንን ያህል ስፋት የላቸውም። ትንሽ ዝናብ ላይ ችግር የለበትም። ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ግን ከአምስቱ ቀድሜ ፍጥነት የምቀንሰው በእሱ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ትራክ ላይ የምትወጣ ብትሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ፒ ዜሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ፒ ዜሮ የሚባለው አንድ ጎማ አይደለም። አንድ ስም ያላቸው ብዙ ጎማዎች ናቸው። ፒሬሊ ከመኪና ፋብሪካዎች ጋር አብሮ እየሠራ ለየሞዴሉ ለብቻ የተስተካከለ ጎማ ያወጣል። ጎኑ ላይ ምልክት አለው። ለፖርሽ የተሠራው ኤን የሚል ፊደልና ቁጥር፣ ለቢኤምደብሊው የተሠራው የኮከብ ምልክት፣ ለመርሴዲስ የተሠራው ኤምኦ የሚል ጽሑፍ አለበት። ሌሎቹ ኩባንያዎችም ይህን ያደርጋሉ፤ ፒሬሊ ግን በዚህ ይታወቃል። ውስጡ፣ ላስቲኩ፣ አንዳንዴም ጥርሱ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ፒ ዜሮ የሆነ ቦታ አንደኛ ወጣ ማለት አንተ የምትገዛው አንደኛ ነው ማለት አይደለም። መኪናህ ከፋብሪካ በምልክት በተለየ ፒ ዜሮ የወጣች ከሆነ ያንኑ መልሰህ ማድረግ ተገቢ ምርጫ ነው። ካልሆነ፣ ምልክቱን ሳታይ ርካሽ ስላገኘኸው ብቻ አትግዛ። ለከባድ የስፖርት መኪና የኋላ ጎማ ተብሎ የተስተካከለ ላስቲክ ያንተ ቀላል መኪና ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ሊቀር ይችላል።

ይህ ወደ ፈተናዎቹ ያመጣኛል። «ሁሉም የሆነ ቦታ አንደኛ ወጥቷል» ብለሃል። እውነት ነው፤ ማንም ስለዋሸ አይደለም። እያንዳንዱ ፈተና የሚደረገው በአንድ መኪና፣ በአንድ ልክ፣ በአንድ ቀን የአየር ሁኔታ ነው። ነጥብ ሲሰጥ አንዱ ለደረቅ ዙር ይበልጥ ይሰጣል፤ ሌላው ለድምፅና ለነዳጅ ፍጆታ ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ በአብዛኛው የሚፈተነው አዲስ ጎማ ነው። አንተ ግን ጎማህን ከ8 ሚሊሜትር ጥርስ ጀምረህ እስከ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ድረስ ትነዳበታለህ። ፈተና ስታነብ መጀመሪያ የመኪናውን ዓይነትና የጎማውን ልክ እይ። በኋላ ጎማ የሚነዳ 500 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ላይ የተገኘ ውጤት ስላንተ መኪና ብዙ አይናገርም። ከዚያ ጠቅላላ ደረጃውን ትተህ የእርጥብ ፍሬኑን ርቀት ለብቻ አውጣ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማነበው ያንን መስመር ነው።

ከቁጥር ሁሉ በላይ የምፈልገው ግን በሠንጠረዥ የማይገባ ነገር ነው፤ ጎማው ከመልቀቁ በፊት ይናገራል ወይ? አንድ ቀን ውሃ በሚረጭበት የሙከራ ሜዳ ላይ ሁለት ጎማ እያወዳደርን ክብ እንዞር ነበር። በሰዓት ቆጣሪው የመጀመሪያው ጎማ በጥቂቱ ይፈጥናል። ችግሩ አለቃቀቁ ነበር። ይዞ ይዞ፣ ይዞ ይዞ፣ ድንገት ብድግ ብሎ ይተውሃል። ሁለተኛው ጎማ ትንሽ ይዘገያል። ግን ገደቡ ሲቃረብ መሪው በእጅህ ላይ እየቀለለ ይመጣል፤ የመኪናው አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ጎማው ያቃስታል። እግርህን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ስታነሳ ተመልሶ ይይዛል። ያን ቀን ወደ ቤቴ የምነዳበትን እንድመርጥ ብጠየቅ ለአፍታም አላመነታም ነበር። ፈጣኑ ጎማ ለሙያተኛ ነው። የሚናገረው ጎማ ለሰው ነው። ስፖርትኮንታክት 7ንና ፓይለት ስፖርት 4ኤስን ያስቀደምኩልህ ሁለቱም የሚናገሩ ስለሆኑ ነው።

አሁን ስለ ዕድሜ ቁጥሩ። ጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር የሚል ቃልና ቁጥር አለ። ለምሳሌ ፓይለት ስፖርት 4ኤስ 300፣ ስፖርትኮንታክት 7 ደግሞ 240 ተጽፎባቸዋል። ይህ የአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ ነው። ጎማው በቴክሳስ ውስጥ በተወሰነ የሕዝብ መንገድ ላይ 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። አበላሉ ከማመሳከሪያ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። 100 መነሻ ነው፤ 300 ማለት በዚያ መንገድ ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩን ጎማው ላይ የሚጽፈው አምራቹ ራሱ ነው። በፈተናው ካገኘው ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ጎማዎች መካከል ለማነጻጸር ይጠቅማል። በሁለት ኩባንያዎች መካከል ግን እንደ ፍንጭ ያዘው እንጂ እንደ ቃል ኪዳን አትቁጠረው። ከአጠገቡ ያለው የትራክሽን ፊደልም እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝን ብቻ ነው የሚለካው። ስለ ኩርባ ምንም አይልም። የአውሮፓው መለያ ላይ ያለው የእርጥብ ደረጃም እንዲሁ በፍሬን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከ80 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት። መለያውን ማየት ምንም ካለማወቅ ይሻላል፤ ከዚያ አይዘልም።

ጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች ሳታይ እንዳትገዛ የምልህ ሁለት ናቸው። አንደኛው የጭነትና የፍጥነት ምልክቱ ነው። ባንተ ልክ በብዛት 95 ዋይ የሚል ታገኛለህ። 95 ማለት አንዱ ጎማ 690 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ዋይ ማለት በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር የተፈቀደ ነው ማለት ነው። ከፋብሪካ ከታዘዘው በታች አትውረድ። ሁለተኛው የተመረተበት ጊዜ ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ዓመታት የቆየ ምርጥ ጎማ ትኩስ ከሆነ መካከለኛ ጎማ ሊያንስ ይችላል፤ ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃልና። ይህን በራሴ መኪና ላይ ነው የተማርኩት። ጥርሱ ገና ሙሉ የሆነ፣ ግን ያረጀ ጎማ ነበረኝ። በዓይን ሲታይ ምንም አይለውም። በመጀመሪያው ዝናብ፣ ሁልጊዜ በማልፍበት አደባባይ፣ ሁልጊዜ በምሄድበት ፍጥነት መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ጠርዙ ሄደ። ማንም ሳይጎዳ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ከማስገባቱ በፊት ቁጥሩን ሳላነብ አላልፍም።

ትራኩን በተመለከተ አንድ ነገር አስብበት። እነዚህ ጎማዎች የመንገድ ጎማዎች ናቸው። አዲስ ሲሆኑ ጥርሳቸው ረጅም ነው። ረጅም ጥርስ በኃይለኛ ኩርባ ይወላገዳል፤ ሲወላገድ ይግላል። ከጥቂት ፈጣን ዙሮች በኋላ ጎማው ቅባት የተቀባ ያህል መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ መግፋት የለብህም። አንድ ሁለት ዙር ቀስ ብለህ ዙር፣ አብርደው፣ ከፈለግህ ውጣ። እየጋለ የገፋኸው ጎማ ትከሻው ተልጦ ይመለሳል፤ በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀጣው የፊቱ ነው። አላይመንት ስታሠራ ካምበሩን (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለውን ማዘንበል) በፋብሪካው ገደብ ውስጥ ትንሽ ወደ አሉታዊው፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ መኪናው ውስጥ እንዲል፣ እንዲያዘነብሉልህ ጠይቅ። የፊት ትከሻህን ዕድሜ ከዚያ በላይ የሚያስረዝም ነገር አላውቅም።

ንፋሱም አለ። የአየር ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ የጎማው ግፊት 0.1 ባር ገደማ ይለወጣል። ትራክ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ላይ በተለጠፈው መጠን ለካ፤ ትራክ ላይ ሲግል ካስተነፈስከው ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት መልሰህ ሙላ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ንፋሱ ባነሰ ጎማ ዝናብ ውስጥ ወደ ቤት መንዳት አደገኛ ነው፤ የጎደለ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። በርካሽ የተገዛ ትክክለኛ የንፋስ መለኪያ ከጎማ ምርጫህ ያልተናነሰ ይጠቅምሃል።

ድምፅና ነዳጅ ላይ ብዙ አልልም። አምስቱም ከተራ ጎማ ይበልጥ ይጮኻሉ፤ ነዳጅም በጥቂቱ ይጨምራሉ። ይህ የሚያሳስብህ ከሆነ ከዚህ ክፍል አንድ ደረጃ ወረድ ብለህ መፈለግ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ፦ ሁለቱን ብቻ ብቀይርስ? በአቅም ምክንያት ከሆነ ይቻላል። ግን አዲሶቹን ሁለቱን ወደ ኋላ አድርግ። መኪናው በፊት ጎማ ስለሚነዳ አዲሶቹ ፊት መሆን አለባቸው የሚል ሰው ታገኛለህ፤ አትስማው። የፊት ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ሲለቅ መኪናው ቀጥ ይላል፤ እግርህን ከነዳጅ ታነሳለህ፣ መሪውን ትጠብቃለህ፣ ተመልሶ ይይዛል። የኋላ ጎማ ሲለቅ ግን መኪናው ይዞራል። እግርህን ከነዳጅ ብታነሳ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ ኋላውን ይበልጥ ያቀለዋል። አብዛኛው ሰው ያንን መልሶ መያዝ አይችልም።

ሁለቱ አሮጌዎቹ የሌላ ኩባንያ ወይም የሌላ ሞዴል ጎማዎች ከሆኑ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። ፊት አንድ ባሕርይ፣ ኋላ ሌላ ባሕርይ ያለው መኪና ደረቅ መንገድ ላይ ሰላም ነው፤ ዝናብ ላይ ግን የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚለቅ አታውቅም። እንዲህ ከሆነ ጥቂት ወር ጠብቀህ አራቱንም አንድ ላይ ቀይር። እስከዚያ አሮጌዎቹ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆኑ በዝናብ ቀን ፍጥነትህን ቀንስ። ብዙ አገሮች 1.6 ሚሊሜትርን እንደ ሕጋዊ ዝቅተኛ መጠን ይይዛሉ፤ ነገር ግን ቦዮቹ ውሃ ማውጣት የሚያቅታቸው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

አዲሶቹ ሲገቡልህ «አውትሳይድ» (ውጭ) የሚለው ጽሑፍ በአራቱም ጎማ ላይ ወደ ውጭ መሆኑን ዞረህ እይ። እነዚህ ጎማዎች የውስጥና የውጭ ጎናቸው የተለያየ ነው፤ ተገልብጦ የገባ ጎማ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በረጋ መንፈስ ንዳ። አዲስ ጎማ ከቅርጹ ሲወጣ ላዩ ላይ የሚቀር የሚያንሸራትት ነገር አለ፤ እሱ እስኪጠፋ ነው። ተራራው መንገድ ላይ ከዚያ በኋላ ትወጣለህ።